ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ ቫይታሚን ዲ መቼና እንዴት ይወሰዳል

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የኩላሊት ክትትል ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ወደ እኔ መስኮት የሚመጡት አብዛኞቹ ሰዎች ስኳር ወይም ደም ግፊት ለዓመታት አብሯቸው የኖረ፣ በቅርቡ ደግሞ «ኩላሊትዎ ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው» የተባሉ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ፣ አንዳንዴም ይዘዋቸው የመጡ ልጆቻቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ቫይታሚን ዲ ፕሮቲኑን ያቆማል ይባላል፤ እውነት ነው?»

የተወሰነ እውነት አለው፤ ተራው ግን የመጀመሪያው አይደለም። ከእርሱ በፊት መሠራት ያለባቸው፣ ከእርሱም ይልቅ ብዙ የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ። እነዚያ ሳይሠሩ ቫይታሚን ዲ ብቻውን ቢዋጥ ኩላሊቱ ማፍሰሱን አይተውም፤ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ካለ ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል። ከጠያቂው ጀርባ ሰልፍ ስላለ ይህን ሁሉ በመስኮት በኩል ለማስረዳት ጊዜ አይበቃኝም፤ ስለዚህ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። መድኃኒቱን የሚያዝልዎ ሐኪምዎ ነው። እኔ የምነግርዎ ሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ፣ ቤትዎ ሲመለሱ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ነው።

ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ይያዙ

የሽንት ምርመራ ወረቀት ላይ «ፕሮቲን ፕላስ ሁለት» የሚል ያያሉ። ይህ ጥቆማ እንጂ ልኬት አይደለም። ብዙ ውኃ ጠጥተው የሰጡት ሽንት ቀጭን ስለሚሆን ፕላስ አንድ ሊያሳይ ይችላል፤ ውኃ ሳይጠጡ ውለው የሰጡት ወፍራም ሽንት ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ኩላሊት፣ ፕላስ ሦስት ሊያሳይ ይችላል። ሕክምና ሠራ ወይም አልሠራም ለማለት የሚያስችለው በሽንት ውስጥ ያለውን አልቡሚን (ዋናውን የደም ፕሮቲን) ከክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ ከሚያስወጣው የጡንቻ ዝቃጭ) ጋር የሚያነጻጽረው ምርመራ ነው። ሐኪምዎን በስሙ ይጠይቁ፦ «የአልቡሚንና ክሬቲኒን ንጽጽር ይታዘዝልኝ።» ይህ በሌለበት ጤና ተቋም የጠቅላላ ፕሮቲንና ክሬቲኒን ንጽጽር ወይም የ24 ሰዓት ሽንት ይተካዋል።

ውጤቱ ከ30 ሚሊ ግራም በግራም በታች ከሆነ ደኅና ነው፤ ከ30 እስከ 300 መካከለኛ፣ ከ300 በላይ ከባድ ተብሎ ይመደባል። አንዳንድ ላቦራቶሪ በሚሊ ሞል ስለሚጽፍ 30 የነበረው 3 ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህን ሳያስተውሉ «በጣም ወረደልኝ» ብለው መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች አይቻለሁና ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ሁልጊዜ ያንብቡ።

ሽንቱን ጠዋት ከመኝታ እንደተነሡ የመጀመሪያውን ይስጡ። ትኩሳት ካለብዎ፣ ሽንት የሚያቃጥልዎ ከሆነ፣ ትናንት ከባድ ጉልበት ሥራ ወይም ሩጫ ከነበረ፣ ሴት ከሆኑና የወር አበባ ላይ ከሆኑ ቀኑን ያዛውሩት፤ እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን በሐሰት ያንሩታል። አንድ ከፍ ያለ ውጤት ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ በሦስት ወር ውስጥ ተደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ ከፍ ካሉ ያኔ እውነት ነው። የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘልዎ የመጀመሪያውን የጠዋት ሽንት ይድፉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሌሊቱን ጨምሮ፣ የነገውን የመጀመሪያ ሽንት ጭምር በዕቃው ያጠራቅሙ። ሰው የሚረሳው የሌሊቱን ስለሆነ ዕቃውን መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ያስቀምጡት።

ቫይታሚን ዲ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ በቆዳ በኩል፣ ወይም ከምግብና ከእንክብል ሲገባ ገና ሥራ አይጀምርም። ጉበት አንድ ጊዜ ይለውጠዋል፤ ላቦራቶሪ የሚለካው ይህን ነው። ኩላሊት ለሁለተኛ ጊዜ ሲለውጠው ሙሉ ኃይል ያለው ሆርሞን ይሆናል። ኩላሊት ሲደክም ይህ ሁለተኛው ሥራ ይጓደላል።

ሆርሞኑ የሚሠራው በአጥንት ላይ ብቻ አይደለም። ደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን የሬኒንን ምርት ይገታል፤ በኩላሊት ማጣሪያ ላይ ያሉት ፖዶሳይት የሚባሉ ሕዋሳትም የእርሱን መልእክት የሚቀበሉበት ተቀባይ አላቸው። ተመራማሪዎች «ፕሮቲን ማፍሰሱን ይቀንስ ይሆን?» ብለው የተነሡት ከዚህ ነው።

በሌላ በኩል ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ የሚጓዘው ከአንድ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ነው። ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ ያ ተሸካሚ ፕሮቲን አብሮ ይወጣል፤ ቫይታሚን ዲውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ፕሮቲን የሚያፈስ ሰው ቫይታሚን ዲው ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ዝቅ ማለቱ ኩላሊቱን አሳመመው ማለት አይደለም፤ ኩላሊቱ ታሞ ነው ዝቅ ያደረገው ሊሆን የሚችለው። ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ሲያዩ «ምክንያቱ ተገኘ» ብለው የሚደሰቱ ቤተሰቦችን ሳይ ይህን ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ፤ ደስታቸውን መንካት ቢከብደኝም።

«እኛ አገር ፀሐይ እያለ እንዴት ያንሳል?» የሚሉም አሉ። ያንሳል። በ2015 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በታተመ ጥናት በአዳማና በአካባቢዋ ከተመረመሩት ተማሪዎች 42 በመቶው እጥረት ነበረባቸው፤ የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ ይበልጥ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ የሚውል ወይም ሰውነቱን ሸፍኖ የሚወጣ ትልቅ ሰውም ከዚህ ውጭ አይሆንም።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት መድኃኒቶች

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያንብቡ፤ አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንደኛው ተራው ቫይታሚን ዲ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ኮሌካልሲፌሮል ወይም ኧርጎካልሲፌሮል ይላል፣ መጠኑም በዩኒት ይጻፋል፦ 1,000፣ 2,000፣ 50,000። ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ለውጦ ይጠቀምበታል። ሁለተኛው ኃይሉ የተሟላለት ነው፦ ካልሲትሪዮል፣ አልፋካልሲዶል፣ ፓሪካልሲቶል። የእነዚህ መጠን በማይክሮ ግራም ነው፤ የካልሲትሪዮል እንክብል ብዙ ጊዜ 0.25 ማይክሮ ግራም ብቻ ይይዛል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ደካማ የሚመስላቸው አሉ። የኩላሊትን ፈቃድ ሳይጠብቅ በቀጥታ ስለሚሠራ ካልሲየምን በፍጥነት ከፍ የሚያደርገው ግን እርሱ ነው።

ፕሮቲን በመቀነስ በኩል ተስፋ የታየው በሁለተኛው ዓይነት ነው። በ2010 በታተመ አንድ ጥናት፣ የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን የጎዳውና የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ የነበሩ 281 ሰዎች ለ24 ሳምንት ፓሪካልሲቶል ወይም መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ወሰዱ። በቀን 2 ማይክሮ ግራም በወሰዱት ላይ አልቡሚኑ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ባዶ እንክብል በወሰዱት 3 በመቶ። ይሁን እንጂ ሁለቱም የመድኃኒት መጠኖች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አጥጋቢ አልነበረም። በ2013 ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ደግሞ አማካይ ቅናሹ 16 በመቶ መሆኑን አሳየ።

የተራው ቫይታሚን ዲ ነገር ከዚህ ይለያል። በአሜሪካ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው 1,312 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2019 የታተመ ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት ለአምስት ዓመት መውሰድ የኩላሊትን አቅም መድከም እንዳላዘገየ አረጋግጧል። ስለዚህ ተራውን የሚወስዱት እጥረት ስላለብዎና ለአጥንትዎ ነው። «ፕሮቲኑን ያቆምልኛል» ብለው በእርሱ ላይ ተስፋ አይጣሉ።

ዓለም አቀፉ የኩላሊት መመሪያ አውጪ ድርጅት በ2017 ባወጣው ምክር፣ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ላልደረሱ ሰዎች ካልሲትሪዮልንና መሰሎቹን እንደ ልማድ መስጠት አይገባም ይላል። የሚሰጡት ኩላሊታቸው በጣም ለደከመና የፓራታይሮይድ ሆርሞናቸው (ካልሲየምን የሚቆጣጠረው፣ ከአንገት እጢዎች የሚወጣው ሆርሞን) በከባድ ሁኔታ እየጨመረ ለሚሄድ ሰዎች ነው። ሐኪምዎ ካላዘዘልዎ ነፍጎዎት አይደለም፤ ማስረጃው የሚለውን እየተከተለ ነው።

ከቫይታሚን ዲ በፊት የሚሠሩት

የመጀመሪያው የግፊት መድኃኒት ነው፤ ሁሉም ዓይነት ግን አይደለም። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የሚገኙባቸው ሁለት ቤተሰቦች በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ጫና ስለሚያረግቡ ግፊት ከመቀነስ ባለፈ ፕሮቲኑን ይይዛሉ። በ2001 በታተመው የስኳር ሕመምተኞች ጥናት ሎሳርታን ፕሮቲኑን 35 በመቶ ቀንሷል። ይህን ከላይ ካየነው 16 በመቶ ጋር ያስተያዩት። ለዚህም ነው ቅደም ተከተሉን እየደጋገምኩ የማነሣው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይመርመሩ። ክሬቲኒኑ እስከ 30 በመቶ ቢጨምር የሚጠበቅ ስለሆነ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎ ግን ለጊዜው ስለማቆም ወዲያው ሐኪም ያማክሩ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት እነዚህን መድኃኒቶች መውሰድ የለባትም፤ አስቀድማ ትናገር።

ሁለተኛው ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ናቸው። ለስኳር ተብለው ቢሠሩም በ2020 የታተመው የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት ስኳር የሌለባቸውንም የኩላሊት ሕመምተኞች ከኩላሊት ውድቀት እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ቢሆንም በየወሩ ለተለያየ ቫይታሚን የሚወጣውን ገንዘብ ደምረው ለዚህ ማዋል ይቻል እንደሆነ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ሦስተኛው ጨው ነው፤ ስለ ጨው ሰፋ አድርጌ ልናገር። በኔዘርላንድስ በ45 የኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት አነጻጽሮታል፦ ፓሪካልሲቶል ወይስ ጨው መቀነስ? ጨው መቀነሱ አልቡሚኑን በግልጽ ዝቅ ሲያደርገው ፓሪካልሲቶል የጨመረው ግን ጥቂት ነበር። ጨው ሲበዛ እነ ኢናላፕሪልም ፕሮቲን የመያዝ አቅማቸው ይዳከማል። በየቀኑ ኪኒኑን ሳያጓድል የሚውጥ ሰው ምሳው ላይ በጨው ያፈርሰዋል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰውየው የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ ሳለ ማንም ስለ ወጡ አልነገረውም።

የቀኑ ጣሪያ 5 ግራም ነው፤ የሻይ ማንኪያ አፉ ድረስ ሳይሞላ። ቀላል ይመስላል፤ ግን የእኛ ጨው ብዙ ጊዜ የሚገባው ከጨው ዕቃው አይደለም። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይደባለቃል፤ ሚጥሚጣም እንዲሁ። ከዚያ በበርበሬ የተሠራው ሽሮ ላይ ሲፈላ ሌላ ጨው ይጨመራል። ቋንጣ፣ የሾርባ ማጣፈጫ ኪዩብ፣ የተነሰነሰበት ቆሎ፣ የዳቦ ቤት ዳቦ፣ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ቡናው ራሱ አለ። ስለዚህ በርበሬ የሚያስፈጩ ከሆነ ከቤትዎ ጋር ተስማምተው የእርስዎን ድርሻ ያለ ጨው ያስፈጩ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና በሶብላ ቢበዙበት ምላስ ይካሳል። ወጡን ለሁሉም ያለ ጨው ሠርቶ፣ የእርስዎ ድርሻ ከተነሣ በኋላ ለሌላው ቤተሰብ ጨው መጨመር ይቻላል። ከውጭ አገር የሚመጣውን «ጨው ምትክ» ግን አይንኩት፤ ፖታሲየም ስለሆነ ከኢናላፕሪልና ከሎሳርታን ጋር ልብን ሊያቆም ይችላል። ምላስ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ይለምዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። «የወጣውን ፕሮቲን ልተካ» ብለው እንቁላልና ሥጋ የሚያበዙ አሉ። ቤተሰብ በፍቅር ነው የሚያደርገው፤ ሆኖም የበዛ ፕሮቲን የማጣሪያውን ጫና ይጨምራል። የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም መሆኑ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላም ይቆጠራሉ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መዋጥም እዚህ ላይ ይቁም።

የደሙን ውጤት ፕሮቲን በሚያፈስ ሰው ላይ ማንበብ

ሐኪምዎ የቫይታሚን ዲ መጠንዎን ካስለካ ከ20 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በታች እጥረት ነው። ወረቀቱ በናኖ ሞል ከሆነ ለ2.5 ያካፍሉት። ሆኖም ተሸካሚው ፕሮቲን በሽንት እየወጣ በመሆኑ ጠቅላላው ቁጥር ከእውነተኛው እጥረት የባሰ ሊመስል ይችላል። ቁጥሩን 60 ወይም 70 ለማድረስ ተብሎ መድኃኒት መደራረብ ትርጉም የለውም።

ከዚህ የሚበልጠው የካልሲየም ጉዳይ ነው። ካልሲየም ግማሽ ያህሉ በአልቡሚን ላይ ተጣብቆ ይዞራል። አልቡሚን በሽንት ሲወጣ ጠቅላላው ካልሲየም ዝቅ ያለ ይመስላል፤ የሚሠራው ነጻ ካልሲየም ግን ደኅና ወይም ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የደም አልቡሚን ከካልሲየሙ ጋር አብሮ መለካት አለበት። ሒሳቡ ይህ ነው (አልቡሚን በግራም፣ ካልሲየም በሚሊ ግራም፣ ሁለቱም በዴሲ ሊትር ሲጻፉ)፦ አልቡሚኑ ከ4 በታች ለወረደበት ለእያንዳንዱ አንድ ግራም በካልሲየሙ ላይ 0.8 ይደመራል። ለምሳሌ ወረቀቱ ላይ ካልሲየም 9.6 ቢልና አልቡሚኑ 2 ቢሆን የጎደለው 2 ነው፤ 1.6 ሲደመር 11.2 ይሆናል። 9.6ን ብቻ ያየ ሰው «ደኅና ነው፤ ቫይታሚን ዲ ይጀመር» ይላል፤ 11.2ን ያየ ግን እጁን ይሰበስባል። ይህ ሒሳብ ግምት ነው፤ አልቡሚን በጣም ሲወርድ ሊስት ስለሚችል ነጻውን ካልሲየም በቀጥታ መለካት በሚቻልበት ቦታ እርሱ ይሻላል። ፎስፈረስና የፓራታይሮይድ ሆርሞንም ከመጀመሩ በፊት ቢታዩ ጥሩ ነው።

ከታዘዘልዎ እንዴት ይወስዱታል

መጀመሪያ የትኛው እንደታዘዘልዎ ስሙን ያንብቡ፤ ከዚያ መጠኑን፣ ከዚያ በቀን ነው ወይስ በሳምንት የሚለውን። የ50,000 ዩኒት እንክብል የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ፣ ለስምንት ሳምንት ገደማ ነው። አንዲት እናት ይህን እንክብል በየቀኑ ሲወስዱ ቆይተው ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። የገዙበት መድኃኒት ቤት በቃል «አንድ አንድ ይውሰዱ» ብሏቸዋል፤ «በሳምንት» የምትለዋ ቃል አልተነገረችም ወይም አልተሰማችም። ጥማቱ፣ ሌሊት መነሣቱ፣ የሆድ ድርቀቱ ሁሉ ለስኳሩ ተሰጥቶ ነበር። ልጅቷን ያስደነገጣት እናቷ የጎረቤቶቻቸውን ስም ማምታታት መጀመራቸው ነው። «እማማ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ያሳዩኝ» ስላቸው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ባዶ የሆኑትን ፍሬ መያዣዎች አወጡ። ካልሲየማቸው በጣም ከፍ ብሎ ስለተገኘ ተኝተው ፈሳሽ ተሰጣቸው፤ ደግነቱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሳምንታዊ እንክብል ስሰጥ በካርቶኑ ላይ የቀኑን ስም በአማርኛ በትልቁ እጽፋለሁ፤ ጾም የሚጾሙ ከሆነ ከሚያዘወትሩት ቀን ጋር አያይዤ፦ «እሑድ ከምሳ ጋር ብቻ።» እርስዎም የሚሰጥዎትን ፋርማሲስት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፤ መብትዎ ነው።

ቅባት ከምግብ ጋር ሲኖር በደንብ ስለሚገባ ባዶ ሆድዎን አይውሰዱት። ዘይት ያለበት የጾም ወጥም ይበቃል።

300,000 ዩኒት የያዘ መርፌ በአንድ ጊዜ መወጋት በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ብርቱ ሕክምና ይታያል። ይህ መጠን ለጤነኛ አዋቂ ሰው ጣሪያ ተብሎ ከተቀመጠው የቀን 4,000 ዩኒት ሰባ አምስት እጥፍ ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ እንክብል ይቆማል፣ መርፌ አይወጣም። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወጋ።

ሌሎቹን መድኃኒቶችዎን በአንድ ፌስታል አድርገው ይዘው ይምጡ፤ በቃል መንገር አይበቃም። የምፈልገው እነዚህን ነው፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የግፊት ኪኒን ካልሲየምን በሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር ከቫይታሚን ዲ ጋር ጥንቃቄ ይሻል። የካልሲየም ኪኒን ካለ መደራረብ ይሆናል። ዲጎክሲን የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ካልሲየሙ ከፍ ካለ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልም ቫይታሚን ዲን ቶሎ ያጠፉታል። የሳንባ ነቀርሳ ራሱ፣ ገና ያልታከመ ከሆነ፣ ሰውነት ከልክ ያለፈ ኃይለኛ ቫይታሚን ዲ እንዲያመርትና ካልሲየም እንዲጨምር ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ቫይታሚን ዲ ከመጀመሩ በፊት ይነገር። የኩላሊት ጠጠር የነበረበትም እንዲሁ። ፕሬድኒሶሎን ለሚወስዱ ሰዎች ግን መድኃኒቱ አጥንት ስለሚያሳሳ ሐኪሙ ቫይታሚን ዲ የሚጨምርበት በቂ ምክንያት አለው።

ከጀመሩ በኋላ

ካልሲትሪዮል ወይም መሰሉ ከተጀመረልዎ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ክሬቲኒን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም። በ2012 የታተመ የ227 ሰዎች ጥናት ፓሪካልሲቶል ከወሰዱት ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ ካልሲየሙ ከፍ ማለቱን፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ግን አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ አሳይቷል። በጥናት ውስጥ ስለነበሩ በየጊዜው ተመርምረው ተደርሶላቸዋል፤ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ካልተመረመረ የሚያውቀው ሲታመም ነው። ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ከመጣ እንክብሉን አቁመው በዚያው ቀን ይመርመሩ። ክሬቲኒን ጥቂት ከፍ ቢል ግን ወዲያው ኩላሊቱ ወደቀ አይበሉ፤ እነዚህ መድኃኒቶች የማጣራት አቅሙ ሳይቀንስ ክሬቲኒንን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ልዩነቱን ሐኪሙ ይለየው።

የሽንቱን ንጽጽር ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው የጠዋት ሰዓት ይድገሙት። ይህ ቁጥር በየቀኑ ስለሚዋዥቅ ከ800 ወደ 700 መውረዱ ምንም ላይሆን ይችላል። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲቀንስና በሚቀጥለውም ምርመራ ሲጸና ነው በእርግጥ ቀነሰ የሚባለው። ቀኑን፣ የሽንቱን ቁጥር፣ የግፊቱን፣ የካልሲየሙንና በዚያ ሰሞን የተቀየረውን መድኃኒት በአንድ ደብተር ይጻፉ። ጨው መቀነስና ቫይታሚን ዲ በአንድ ሳምንት ከተጀመሩ የትኛው እንደሠራ ማንም ሊለይ ስለማይችል ለውጦቹ ቢለያዩ ይመረጣል።

ገንዘቡ ለሁሉም ምርመራ ካልበቃ

ይህ የብዙዎቻችሁ እውነት ስለሆነ ቅደም ተከተሉን እንደማየው ልናገር። መጀመሪያ ክሬቲኒንና ፖታሲየም፤ የኢናላፕሪልና የሎሳርታን ደኅንነት በእነርሱ ላይ ነው። ቀጥሎ የሽንቱ አልቡሚንና ክሬቲኒን ንጽጽር። ቫይታሚን ዲ የሚወስዱ ከሆነ ካልሲየምና የደም አልቡሚን ሁለቱም አንድ ላይ፤ አንዱን ብቻ ማስለካት ገንዘብ ማባከን ነው። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ይቅደም። ከሁሉም የሚወደደውና መጨረሻ የሚሠራው የቫይታሚን ዲ ልኬት ራሱ ነው፤ ሐኪምዎ ውጤቱን አይቶ የሚለውጠው ነገር ከሌለ ይቅር። ያ ገንዘብ የግፊት መለኪያ መግዣ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ በቤት ጠዋትና ማታ አምስት ደቂቃ ዐርፈው ተቀምጠው የሚለኩበትን።